ቦዩ ውስጥ የቀረው መስመር

በከር ወሬውን የሰማው የሕክምናው ድንኳን በር ላይ ቆሞ ነው። በአንድ እጁ አጥሚት የያዘ ፔርሙስ፣ በሌላው የሚስቱን የታጠበ ሻርፕ አንጠልጥሏል። የሐምሌ ዝናብ ለጊዜው ጋብ ብሏል። በሩ ላይ በረኪና የተነከረ ጆንያ ተነጥፎ የሚገባም የሚወጣም እሱን እየረገጠ ያልፋል። የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ነርስ ብቅ ብላ «የሚስራ ቤተሰብ ማነው?» ስትል፣ በከር ወረፋው እንደደረሰለት ሰው ፔርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳየ። ነርሷ ጓንቷን አወለቀች። ካወለቀችው በኋላም እጇን የምታደርግበት ያጣች ትመስል ነበር።

«አላህ ያጽናዎት፣ አባቴ» አለችው። ቆይታ ደግሞ፣ «ሊነጋጋ ሲል ነው» አለች።

በከር የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ሰዓት አጠገቧ ማን እንደነበረ። ነርሷ እኔ ነበርኩ አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አጥሚቱን እንደያዘ ሄዶ የዘበኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ዘበኛው ስልክ እንዳለው ሲጠይቀው አለኝ አለና ከኪሱ አወጣው፤ ለማን እንደሚደውል ግን ወዲያው አልመጣለትም። ቤት ውስጥ ክፉም ደግም ወሬ ሲኖር ለሰው የምታደርሰው ሚስራ ነበረች።

ሚስራ የሐይቅ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የመጣችው ገና ልጅ ሳለች፣ ልደታ የምትኖር አክስቷን ልታግዝ ነው። አክስቷ የሞቱ ሙስሊም ሴቶችን የምታጥብ፣ የምትከፍን ሴት ነበረች። ሚስራም መጀመሪያ ባልዲ ማቀበል፣ ቀጥሎ ውሃ ማፍሰስ፣ በኋላ አክስቷ ስትደክም ራሷ ማጠብ ጀመረች። በከርን ያገባችው ያኔ ነው። እሱ ከስልጤ መጥቶ አብነት አንድ ብረታ ብረት ቤት የሚበይድ ጎልማሳ ነበር። ሽማግሌ ልኮ ሲጠይቃት፣ ሬሳ በነካ እጇ የሠራችውን ምግብ ይበላ እንደሆነ አስጠየቀችው አሉ። በከርም በብረት ዝገት በጠቆረ እጄ የምትበላ ከሆነ እበላለሁ ብሎ መለሰ። ልጅ አልወለዱም። ታናሽ እህቷን ሲቲን አምጥተው አሳድገው ድረዋታል።

ቤታቸው ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደ አብነት በሚወርደው ጠባብ መንገድ ግርጌ ነው። በመንገዱ ዳር አንድ ቦይ አብሮ ይወርዳል። ከላይ ያሉት ቤቶች የልብስ እጣቢያቸውን ይደፉበታል፤ የጋራ መጸዳጃዎቹም ሲሞሉ የሚያንጠባጥቡት እዚያው ነው። ለሰፈሩ ውሃ የሚያመጣው የብረት መስመርም በዚያው ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ይወርድና ሚስራ በር ላይ ካለው የጋራ ቧንቧ ይደርሳል። ማን እዚያ እንዳስተኛው የሚያስታውስ ሰው የለም። ቧንቧው በሯ ላይ ስለሆነ የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ነበረች። ማንም ሾሟት አይደለም።

ድሮ ይህ መስመር ሰው አይጎዳም ነበር። ውሃ በውስጡ ሌት ተቀን ስለሚሄድ፣ ብረቱ የተበሳበት ቦታ ቢኖር እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ከውጭ የሚገባ የለም። ክረምቱም ቀስ ብሎ ሲያካፋ ይውላል፤ ቦዩ ሞልቶ አያውቅም። ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዝናቡ ሲቀር ጭራሽ ይቀራል፣ ሲመጣ ደግሞ የወሩን ባንድ ከሰዓት ያወርደዋል። ውሃውም በፈረቃ ሆነ። መስመሩ ቀናት ባዶውን ሲቆይ፣ የቦዩ ጉድፍ በቀዳዳው ይገባና ውሃው ሲለቀቅ ተገፍቶ ጀሪካን ውስጥ ይወርዳል። ይህን ለሚስራ ያስረዳቻት በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ናት፤ ማሂ ትባላለች። ሚስራ አንዴ ሰምታ አልበቃትም። ልጅቷን በሚቀጥለውም ሳምንት አስቁማ፣ ከፍላስክ ሻይ እየቀዳች እንደገና አስነገረቻት።

ከዚያ ወዲህ ውሃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣውን መሬት ላይ ታፈሰው ጀመር። በመዳፏ ትቀበልና ታሸታለች፣ ትደፋለች፣ እንደገና ትቀበላለች። ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። ሰው ውሃ አጥቶ ይህቺ ሴትዮ ለመሬት ታጠጣለች ይሏታል። የጎረቤቷ የድንቅነሽ ግን ባሰ። ድንቅነሽ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሻይ እየሸጠች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ጧት የምትሸከመው ውሃ ቶሎ ካልሞላላት ደንበኛ ያመልጣታል። «ሚስሪ፣ ሽቶ መሰለሽ እንዴ እንዲህ ያሸተትሽው?» ትላታለች። ሚስራም ሳትቆጣ፣ ሽቶ ቢሆንማ ላንቺ አልሰጥም ነበር ትላለች። ሲነታረኩ ለማያውቃቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። በልደታ ማርያም ክብረ በዓል ድንቅነሽ ቤት የቀረበው ለስላሳ መጀመሪያ የሚከፈተው ለሚስራ ነው፤ በኢድም የሚስራ ቤት የመጀመሪያው ሳህን ወደ ድንቅነሽ ቤት ይሻገራል።

አንድ የበጋ ቀን እማማ ሺፋ የተባሉ የሰፈሩ አሮጊት ሞቱ። ሚስራ እንደ ልማዷ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ስለሆነ ወንዶቹ ቃሬዛውን አዘጋጅተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ውሃው ከስንት ቀን በኋላ የመጣው ያን ዕለት ጧት ነበር። ሲቲ ባልዲውን ስታቀብላት ሚስራ እጇን ነከረች፣ አሸተተች፣ ደፋችው። ሁለተኛውንም ደፋችው። ሰዓቱ እየሄደ ነው ብለው ከውጭ አስጠሯት። እሷ ግን አብነት ካለው መስጊድ ውሃ በጋሪ እንዲመጣ ላከች። ጋሪው እስኪመለስ ሰላቱ አለፈ፤ የሟቿ ልጆች ፊታቸው ጠቆረ። ታላቅየው በሩ ላይ መጥቶ ምን በደልንሽ ሲላት፣ ሚስራ ወደ ደጃፉ ወጣች።

«አልበደላችሁም» አለች። «ይህ ውሃ ለሬሳ አልበጀም። ለሬሳ ያልበጀውን ነው ጧት ለልጆቻችን ያጠጣነው።»

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እዚያው ነበር፤ እድሩ የሁሉም ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ጋሻው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ፣ መስመሩ ከቦዩ ወጥቶ በቤቶቹ ግድግዳ ላይ እንዲሄድ ተወሰነ። ሰው ሁሉ አዋጣ። አዲሱ ብረት ተገዝቶ መጣና እድር ቤት ውስጥ ተደረደረ።

ብረቱ በመጣ በማግሥቱ ይመስል፣ ቀይ ቀለም የያዙ ሰዎች መጥተው በየበሩ ቁጥር ጻፉ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የልደታ ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ከተሠራበት ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ የእነሱ ተራ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ምስማር የመታ ሰው የለም። ጣራ ሲያፈስ ሥሩ ሳፋ ይቀመጣል። የመጸዳጃው በር ሲገነጠል በጆንያ ይጋረዳል። ቤቴ ይፈርሳል ብሎ የሚያዝን ቢኖርም፣ አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው ኮንዶሚኒየም ነበርና ለሚፈርስ ቤት ማን ይደክማል? ሚስራ በየስብሰባው ተነስታ የመስመሩን ነገር ታነሳለች። አንድ ቀን ጡረታ የወጡት ሾፌር ጋሽ ሚደቅሳ፣ «እኔ ጥርሴን እንኳ የማስተክለው ኮንዶሚኒየም ስገባ ነው፤ እዚህ ምን ልቆረጥምበት?» ብለው ሰዉን አሳቁት።

«እርስዎ ጥርስዎን ይጠብቁ፣ ጋሽ ሚደቅሳ» አለቻቸው ሚስራ። «ሆድዎ ግን አይጠብቅዎትም።»

ያን ጊዜም ተሳቀ። ስብሰባው ግን ለሚቀጥለው ወር ብሎ ተበተነ። የሚቀጥለው ወርም፣ የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ሄደ። ሰፈሩ አልፈረሰም፤ ብረቱም እድር ቤት አቧራ ለበሰ።

ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ክረምቱ ቀረ። የመጣው ዝናብ አቧራ እንኳ በቅጡ አላበረደም። ፈረቃው ተራዘመ፣ ጀሪካኖቹ በየበሩ ደርቀው ተሰለፉ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የበልጉ ዝናብ ከነዱላው መጣ። ቦዩ መሙላት ጀመረ። ከኢድ በፊት አተት የተባለው አጣዳፊ ተቅማጥ ገባ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከሜክሲኮ እስከ አብነት እየዞረ ውሃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ ይላል። ማሂም በየቤቱ የውሃ መድኃኒት አደለች። ሚስራ አቶ ጋሻው ቤት ሄዳ ተቀመጠች። ሻይ ቢያቀርቡላት አልጠጣም አለች። ብረቱ ይውጣ ብቻ ነው ያለችው። አቶ ጋሻውም በዚህ ጊዜ አላንገራገሩም፤ የእድር ቤቱን ቁልፍ አወጡ።

ቧንቧ ሠራተኛው ቱሉ ተጠራ። በከር ብረቱን ግድግዳ ላይ የሚይዙትን መያዣዎች በየደ። ከላይ ከዋናው መንገድ ተጀምሮ ሥራው ወደ ታች ወረደ፤ ሚስራ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች የተበየደውን በእጇ እየነካች ታያለች። በከር ሚስቱን እንዲህ ደስ ብሏት ያያት ከሲቲ ሠርግ ወዲህ ያን ጊዜ ነው። አቶ ጋሻው ቤት ማዕዘን ላይ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ የሚቀረው በድንቅነሽ ግድግዳ አልፎ፣ ትንሿን የሲሚንቶ ድልድይ ተሻግሮ፣ የሚስራ በር ድረስ ያለው ነው።

የዚያን ዕለት ሜትር የያዙ ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ ታዩ። ቤት እየለኩ ነው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ወሬም አብሮ ገባ፤ የተሻሻለ ሰፈር ካዩ ወደ መጨረሻ ተራ ይጥሉታል፣ ቶሎ የሚያነሱት የተጎሳቆለውን ነው የሚል። ማንም ይህን ከለኪዎቹ አፍ አልሰማም፤ ግን ሁሉም አመነ። ማምሻው ላይ ድንቅነሽ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች።

«ሚስሪ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እንዳትቆጪኝ።»

«እስክትለምኚኝ ምን ብዬ እቆጣለሁ? በይ።»

«ሰዎቹ እስኪሄዱ ብረቱ ግድግዳዬ ላይ አይውጣ። አዲስ ነገር ካዩ ይህ ሰፈር ለምቷል ብለው ለከርሞ ያሳድሩናል። ልጆቼ አድገውብኝ ባንድ አልጋ እንደምንተኛ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ሌላ ተስፋ የለኝም።»

በከር በሩ ላይ መዶሻውን ይዞ ይሰማል። ሚስራ እምቢ እንደምትል አልተጠራጠረም። እሷ ግን ድንቅነሽን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«እስኪሄዱ ብቻ?» አለች።

«እስኪሄዱ ብቻ። በማርያም።»

«እሺ።»

እራት ላይ በከር ለምን እሺ እንዳለች ጠየቃት። ስንት ዓመት ስትለፋበት ኖራ፣ ሁለት ቀን በቀረው ሥራ። ሚስራ ሳህኑን ወደሱ ገፋ አድርጋ፣ «ታዲያ ልጆቿን የምታስተኛበት ተስፋ በኔ ቧንቧ ይዘጋ ልበላት?» አለችው። ቱሉም እስክትጠሩኝ ብሎ ሌላ ሥራ ያዘ።

ለኪዎቹ ቶሎ የሚጨርሱ መስለው ነበር፤ ዝናቡ እያቋረጣቸው ቀናቸው ረዘመ። በዚህ መሀል አንድ ከሰዓት የወረደው ዝናብ ቦዩን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ መንገዱ ላይ አፈሰሰው። የመጸዳጃው ጉድጓድ ተደረመሰና የያዘውን ሁሉ ለቀቀ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የፈረቃ ውሃ ቡና የታጠበበት ይመስል ነበር። ሚስራ አፍስሳ አፍስሳ ጠራላት፤ ሽታው ግን አልጠፋም። በየበሩ እየዞረች ሳታፈሉ፣ መድኃኒት ሳትጨምሩ እንዳትነኩት አለች። ሰዉም ሰማት። ግን ቤቱ ሁሉ ያችን የተፈላች ውሃ ለመጠጥ ብቻ ነው የሚቆጥባት፤ ለሌላው ነገር እንዲሁ ከቧንቧ የመጣውን ይጠቀማል። ድንቅነሽም የሻይ ብርጭቆዎቿን አለቅልቃ፣ ባለቀለቀችበት እጇ ቁርሷን በላች።

በማግሥቱ ድንቅነሽ በተቅማጥና በትውከት ደክማ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ልጆቿ ጮኸው ሚስራን ጠሩ። ሚስራ ልጆቹን ወደ ሲቲ ቤት ልካ በሩን ዘጋች። ለምለም የሚባለውን የተቅማጥ ዱቄት በጥብጣ በማንኪያ አጠጣቻት፣ ከሥሯ የቆሸሸውን ጨርቅ አነሳች፣ አጠበቻት፣ እንደገና አነሳች። ሰውን ከነክብሩ ማጠብ የኖረችበት ሥራ ነው። ታክሲ ሁሉ አይቶ ሲሸሽ በከርና ጋሽ ሚደቅሳ በብረት ቤቱ ጋሪ ጭነው ወደ ሕክምናው ድንኳን ወሰዷት። ድንቅነሽ ዳነች። ከድንኳኑ ወጥታ ቤቷ በገባች ዕለት ሚስራ ተያዘች።

በዚያው ጋሪ ነው የሄደችው። ዓይኗ ጎድጉዶ፣ የጣቶቿ ቆዳ ተጨማድዶ፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አልወጣ እያለ ነበር። በከር ጋሪውን ለአፍታ አቁሞ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠጋ።

«ሰዎቹ ሄዱ?»

«ትናንት ሄደዋል።»

«እንግዲያ ቱሉን ጥራው» አለችው።

ከዚያ በኋላ አላያትም፤ ድንኳኑ ውስጥ ጠያቂ አይገባም። ያመጣውን ሁሉ ከበር እየመለሱት ሰነበተ፤ በመጨረሻም ያንን ወሬ ከዚያው በር ሰማ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በመጨረሻ የደወለው ለሲቲ ነው። ሲቲ ከፈኑንና ለሬሳ ሽታ የሚደረገውን ካፉር ይዛ፣ ሚስራ አብረዋት ያጥቡ የነበሩ ሴቶችን አስከትላ መጣች። ውሃውን ከቤት አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በንጹሕ ጀሪካን ተሸክመው ነበር። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ግን ነርሷ አይቻልም አለቻቸው፤ በዚህ በሽታ የሞተን ሰው ቤተሰብ አይነካም። አስከሬኑን የሚያዘጋጁት የጎማ ልብስ የለበሱት ሠራተኞች ናቸው። ሴቶቹ ለመኑ። አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ አንዲት ሙስሊም ሠራተኛ ተገኝታ፣ የሚቻለውን ያህል እሷ አጠበቻት። ሲቲ ራቅ ብላ ቆማ የቀኙን መጀመሪያ እያለች ትነግራት ነበር። ሲጨርሱ ውሃው ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ከቦቴ የተቀዳ፣ መድኃኒት የገባበት ነው አሏት። ይህን ለበከር ነገረችው። እሱም ደህና አለ።

ኮልፌ ቀበሯት። የተሸኘችው በጥቂት ወንዶች ነው። ሰፈር ሲመለሱ እድሩ ድንኳን ጥሎ ነበር፤ ነገር ግን የጤና ሰዎቹ ለቅሶ ቤት ምግብም ውሃም እንዳይቀርብ አዘው ስለነበር፣ የመጣው ሰው ሁሉ አፉ ደርቆ ተቀምጦ አፉ ደርቆ ተነሳ። ትልቁ የእድር በርሜል እድር ቤት ቀረ። ድንቅነሽ ገና እግሯ አልጸናም። ግድግዳ እየያዘች መጥታ በከር አጠገብ ተቀምጣ ዋለች። ልትሄድ ስትል፣ ሰዎቹ እስኪሄዱ ነበር ያልኳት አለች። በከር ታውቃለች አላት።

ለቅሶው እንዳበቃ ቱሉን ጠራው። ቧንቧው በዚያን ጊዜ ታሽጎ፣ ሰፈሩ ከቦቴ ነበር የሚቀዳው። ሁለቱ ከአቶ ጋሻው ማዕዘን ጀምረው ወደ ታች ሠሩ። ድንቅነሽ መሰላሉን ይዛ ቆመች፤ ግድግዳዬን እንደፈለጋችሁ ብሱት ትላለች። ግድግዳው ጫፍ፣ ድልድዩ ጋ ደረሱ። ከዚያ ለማለፍ ሲሚንቶው መሰበር ነበረበት፣ ለዚያ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በከርና አቶ ጋሻው ወደ ወረዳው ቢሮ ሄዱ። ቢሮው ውስጥ ያለው ወጣት ሠራተኛ በትሕትና ነው ያስተናገዳቸው፤ ሊፈርስ በተያዘ ሰፈር ውስጥ የቁፋሮ ፈቃድ አይሰጥም አላቸው። መቼ እንደሚፈርስ ሲጠይቁት በቅርቡ አለ። ተመልሰው ሄዱ፣ ደግመው ሄዱ። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ቆመ፣ አተቱም ቀዘቀዘ። ቦቴው መምጣቱን ተወ፤ የቧንቧው እሽግ ተፈታ። አዲሱ ብረት ድልድዩ ጋ ካለው አሮጌ መስመር ጋር ተጋጥሞ የላይኛው ሰፈር ንጹሕ ውሃ ስላገኘ፣ አሁን ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ከድልድዩ በታች ያለ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጥቂት ነው።

ዓመታት አለፉ። ሰፈሩ አልፈረሰም። ውሃው ሲመጣ አሁን ቧንቧውን የሚከፍተው በከር ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ያፈሰዋል፣ የሚያጉረመርም የለም። የተረፉት ብረቶች እድር ቤት አሉ። ከድንቅነሽ ግድግዳ ጫፍ፣ በድልድዩ ሥር፣ እስከ በከር በር ያለው መስመር እስካሁን ቦዩ ውስጥ ነው።